የሁለት ሰው ጠረጴዛ

«ለኪዳኔ ምኗ ነሽ?»

እትዬ ጽጌረዳ ይህን የጠየቁት ልክነሽ ከቀብር የተመለሰውን ሰው ስታስታጥብ ነው። ሰልፉ ከአጥሩ በር አልፎ መንገዱ ላይ ወጥቷል። የታጠበ ወደ ድንኳኑ ይገባል፤ እዚያ የእድሩ ሰዎች ንፍሮ በሳህን ያድላሉ። እትዬ ጽጌረዳ የሟቿ ጎረቤት ናቸው። አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ተዋስነው ኖረዋል።

«ከትናንት ጀምሮ አይሻለሁ» አሉ እጃቸውን እያራገፉ። «ገላዋን ስናጥብ ነበርሽ። መቃብሩም ላይ ከወንድሟ ጎን ቆመሽ ነው ያለቀስሽው። ዘመዷ ናት እንዳልል፣ ኪዳኔ እዚህ አገር ዘመድ የላትም።»

«ተማሪያቸው ነበርኩ።»

«እሱማ ከተማው ሁሉ ተማሪዋ ነው።»

ልክነሽ ጆጉን ለሚቀጥለው ሰው አዘነበለች።

መምህርት ኪዳነምሕረት ተክለሃይማኖት ማክሰኞ ንጋት ላይ በኩላሊት ሕመም አረፉ። በ1977 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ተመድበው አርባ ምንጭ ከመጡ ወዲህ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፊዚክስ አስተምረዋል። አላገቡም፣ አልወለዱም። በድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ የሚለው ይህንኑ ነው፤ «አንድ እንኳ ሳትወልድ!» ይላሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

ልክነሽ ውሃው ሲያልቅ ጆጉን አስቀምጣ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ምናቸው እንደነበረች ለራሷ ለመመለስ ያህል በሐሳብ ወደ ኋላ ሄደች።

ዘጠነኛ ክፍል የገባችው በ1995 ዓ.ም. ነው። መንደራቸው ከኦቾሎ በታች ነው፤ ከዚያ ወደ ከተማው ወርዳ ሲቀላ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ከሰፈሯ ልጅ ጋር ተከራየች። በየሳምንቱ ቅዳሜ እናቷ ቆጮ ቋጥራ ትልክላታለች። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ጠረጴዛዎች ለሁለት ለሁለት ሰው የተሠሩ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ከደጋ የመጣች ነበረች፤ ሌላ ልጅ በጆሮዋ የሆነ ነገር ስትነግራት ደብተሯን ሰብስባ ተነሣች። ምን እንደተባለ ለልክነሽ መስማት አላስፈለጋትም። የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት ነው የተባለው።

በእነሱ አገር ሸክላ ሠሪ ከሌላው ጋር አይጋባም፣ አብሮ አይበላም። የሠራው እንስራ በየቤቱ ይገባል፤ እሱ ራሱ ግን አይገባም። ለቅሶ ሲደርስ እንኳ ከአጥር ውጭ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። ይህ ልክነሽ ከጡት ጋር የጠባችው ነገር ስለሆነ አልደነቃትም። ያሳፈራት ከተማም ድረስ ተከትሏት መምጣቱ ነው።

መምህርቷ ከሰሌዳው ዞረው ባዶውን ወንበር አዩ። የሄደችውን ልጅ አልተቆጡም። ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በጋዋናቸው ጠርገው መጡና ከልክነሽ አጠገብ ተቀመጡ።

«እኔም የሥራ ጓደኛ የለኝም» አሉ። «አብረን እንሥራ። ሰዓቱን እኔ ልያዝ፣ አንቺ ፔንዱለሙን ወዝውዢ።»

ለአንድ ቀን መስሏት ነበር። ግን በሚቀጥለው ሳምንትም ክፍሉን አዳርሰው መጥተው ተቀመጡ፤ ከዚያም በሚቀጥለው። ሪፖርቱ ላይ የሁለቱንም ስም ጻፉ፦ ልክነሽ ገነነ፣ ኪዳነምሕረት ተክለሃይማኖት። አርመው ሲመልሱት በቀይ እስክሪብቶ «ልክነሽ ዘጠኝ ከአሥር። ኪዳነምሕረት ሰባት፤ ሰዓቱን በትክክል አልያዘችም» የሚል ነበረበት። ልክነሽ ያንን ወረቀት ይዛ መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሄዳ ብቻዋን ሳቀች። አርባ ምንጭ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር ተነሥታ የሄደችው ልጅ «ወደ ቦታዬ ልመለስ?» ብላ መምህርቷን ጠየቀች።

«እኔን ሳይሆን ልክነሽን ጠይቂያት» አሏት። «ጠረጴዛው የእሷ ነው።»

ጠየቀቻት። ልክነሽም ቦርሳዋን አንስታ ቦታ ለቀቀችላት።

*

ሐሙስ ዕለት ለቅሶ ደራሹ በዛ። አንዲት ነርስ ከሳውላ አድራ መጣች። በኩልፎ ወንዝ ዳር በመስኖ ሥራ ላይ ያለች መሐንዲስ ጭቃ የነካው ቡትስዋን እንዳደረገች ገባች። ጨንቻ ሒሳብ የምታስተምር ሌላ ሴት የስድስት ወር ልጇን አዝላ ነበር። ሦስቱም ሲያለቅሱ የሚሉት አንድ ዓይነት ነው፤ የቅዳሜዋን ቤተ ሙከራ ያነሣሉ። መምህርቷ ቅዳሜ ጠዋት ከገጠር ለመጡ ሴት ልጆች ቤተ ሙከራውን ይከፍቱ ነበር፤ በሥራ ቀን ወንዶቹ መሣሪያውን ስለሚሻሙ።

«እኔን ብቻ ነበር የሚመስለኝ እኮ» አለች ነርሷ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እንደ እኔ የሚወዱት ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።»

ልክነሽ ቅናት ቢጤ ሽው አለባት። እሷም እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንደዚያው ይመስላት ነበር። ቅናቱ ግን ብዙም አልቆየም፤ መሐንዲሷ ቡትስዋን አውልቃ አጠገቧ ስትቀመጥ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

ሲያወሩ ልክነሽ የራሷንም አወራች። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ሁለት ትምህርት ወደቀች። ማንንም ሳትነግር ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። ወደ መንደሯ ለመውጣት ፊት ስላጣች በቀጥታ ሴቻ መጣችና የመምህርቷን በር አንኳኳች።

መምህርቷ ውጤቷን አልጠየቋትም። ሙዝና ዳቦ አቀረቡላትና «የፈተናውን ወረቀት አምጪ» አሉ። ቁጭ ብለው ጥያቄ በጥያቄ ሄዱበት። ከምሳ እስከ ማምሻ ድረስ።

«የጀመርሽውን ሁሉ በትክክል ጨርሰሻል» አሉ በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው። «ያልጀመርሽው ነው የጣለሽ። እንግሊዝኛውን አንብበሽ እስክትጨርሺ ሰዓቱ ያልቃል። ፊዚክሱ አላቃተሽም፤ ያቃተሽ ፍጥነቱ ነው። ፍጥነት ይለመዳል።»

በማግስቱ ራሳቸው መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። ከዚያ በኋላ በየአሥራ አምስት ቀኑ በፖስታ ጥያቄ ይመጣላት ነበር። ከላይ «አርባ ደቂቃ፤ አታታልዪ» ተብሎ ተጽፎበታል። ልክነሽ ተመረቀች፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ሠራች፣ አሁን እዚሁ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምራለች።

ያላወራችው ነገርም አለ። የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦቿ ስለ ቤተሰቧ ሲጠይቋት «ገበሬዎች ናቸው» ነው የምትለው። አብሯት የሚያስተምረው ዳግም ባለፈው መስቀል ለጋብቻ ጠይቋታል። የደጋ ልጅ ነው፣ ከሸክላ ሠሪ የማይጋባ የሸማኔ ቤተሰብ። ስሟንና የአባቷን ስም እንጂ ሌላ አያውቅም። መልስ ሳትሰጠው ወር ሊሞላው ነው። መምህርቷ ሆስፒታል ተኝተው ይህን ስትነግራቸው «እኔ አልፈርድብሽም» ነበር ያሏት። «ግን እናትሽ መጥታ ብታየኝ ደስ ይለኛል።» ልክነሽ እናቷን ሳታስመጣ ማክሰኞ ደረሰ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲሳሳ ወንድምየው አቶ ሸዋንዳኝ በእጃቸው ጠሯት። ሰባ ያለፋቸው ናቸው። ከእህታቸው ጋር አፍንጫቸው አንድ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ኪዳኔ በደብዳቤ ስላንቺ ትጽፍልኝ ነበር» አሏት። «ሁለተኛ ዲግሪሽን ስትይዢ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈችልኝ። እሷ ለምን እንዳልያዘች ነግራሻለች?»

«አልነገሩኝም፣ ጋሼ።»

«አትነግርሽም። ለማንም አልነገረችም።» ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «ስትመረቅ ከስልሳ ተማሪ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው እዚያው ቀርተሽ ሁለተኛ ዲግሪ ቀጥዪ ብሎ ጻፈላት። ደብዳቤው በእኔ አድራሻ መጣ። አባታችን ገና መሞቱ ነው፤ ቤቱን የምመራው እኔ ነኝ። ሴት ልጅ ይህን ያህል ከተማረች ማን ያገባታል አልኩና ደብዳቤውን አስቀረሁት። በስድስተኛው ወር ሰማች። በዚያው ሰሞን ሩቅ አገር መድቡኝ ብላ ወደዚህ መጣች።»

ልክነሽ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«በሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አላነሣችብኝም። በዓል በመጣ ቁጥር ሙዝና ማንጎ በካርቶን ትልክልኛለች። ትናንት መቃብሯ ላይ ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም።» ቀና ብለው አዩዋት። «ሦስት ሴቶች ዛሬ ሲያለቅሱላት ሰማሁ። እኔ አንዲቷን ከለከልኩ፣ እሷ ይህን ሁሉ አሳለፈች። እግዚአብሔር ይመስገን ነው የምለው፤ ሌላ ምን እላለሁ?»

ልክነሽ እጃቸውን ይዛ ሳመችው። «እኔም ያስቀረሁባቸው ነገር አለ፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። ምን እንደሆነ አልጠየቋትም።

*

ዓርብ ሣልስት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ሞልቷል። የዩኒቨርሲቲው ባልደረቦች አንድ አግዳሚ ሙሉ መጥተዋል፤ ዳግም ከእነሱ ጋር አለ። አጠገቡ አጎቱ አቶ ኤርጫፎ ተቀምጠዋል። ሲቀላ ላይ የሸማ ሱቅ አላቸው፤ ልጆቻቸው በሙሉ በመምህርቷ እጅ ያለፉ ስለሆኑ ነው የመጡት።

ሳህን የሚያዞረው የእድር አባል ከበሩ ተመልሶ ገባና ለሊቀ መንበሩ ለአቶ ብዙነህ «ውጭ ሰዎች አሉ፤ ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ» አላቸው። «ሸክላ ሠሪዎች ነን ይላሉ።»

«ተዋቸው» አሉ አቶ ኤርጫፎ ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ ሞክረው። «እነሱ ቦታቸውን ያውቃሉ። በኮባ አድርገህ ስጣቸው።»

የእድሩ አባል ከጓሮ የሙዝ ቅጠል ቆርጦ ንፍሮ ዘገነበትና ይዞ ወጣ።

ልክነሽ የድንኳኑ ሸራ በተከፈተበት በኩል አየች። ከአጥሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አራት ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሁለተኛዋ እናቷ ወለቴ ነበረች። ዝናብ መትቷት ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። ልጇን አይታለች፤ ግን እንደማታውቃት ሰው ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች።

ልክነሽ ተነሥታ ወጣች።

«እማ፣ ተነሺ። ግቢ።»

ወለቴ በከተማ የለመደችው አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም። «እዚህ ይሻላል» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንተ ግባ። የሥራ ሰዎችህ አሉ። እኔ አላውቅህም እላለሁ።»

እናቷ ሁሉንም ታውቅ ኖሯል። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ፣ እያወቀች ስንት ጊዜ እንዲህ ዓይኗን እንዳዞረች ልክነሽ ልትጠይቃት አልደፈረችም። ጫማዋን አወለቀች። ከእናቷ አጠገብ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠችና ከኮባው ላይ አንድ እፍኝ ንፍሮ አንስታ መብላት ጀመረች።

አቶ ሸዋንዳኝ በበሩ ብቅ አሉ። ከኋላቸው ሌሎችም ተከተሉ። «ልጄ፣ ምነው? እነማን ናቸው?»

«እናቴ ናት፣ ጋሼ» አለች ልክነሽ። ሁሉም እንዲሰማት ጮክ አለች። «ወለቴ ትባላለች። ሸክላ ሠሪ ናት። እኔም የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ።»

ዳግምን አላየችውም፤ ልታየው አልፈለገችም።

ሽማግሌው አንድ እጃቸውን አጥሩ ላይ ደግፈው፣ ጉልበታቸው እንቢ እያላቸው፣ ቀስ ብለው ከወለቴ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እርስዎ ነዎት?» አሏት። «እህቴ ስለ እርስዎ ጽፋልኛለች። ይንገሩኝ እስቲ፣ ቤትዎ መጥታ ነበር?»

ወለቴ «እርስዎ» ሲሏት ወደ ኋላ ዞራ አየች፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት። ከዚያ በአማርኛ ጀመረች። «ቲቸር ጥሩ ሰው ነበረ። በእግሩ መጣ…» ቃል ሲያጥራት ወደ ጋሞኛ ተመለሰች። ልክነሽ ከአፏ እየተቀበለች፣ እናቷ «እኔ» ስትል እሷም «እኔ» እያለች ተረጎመችላት።

«ልጄ አሥረኛ ክፍል ሳለች ነው» አለች ልክነሽ። «መንደራችን ድረስ ወጡ። ማንም የማይገባበት ቤታችን ገቡና ከእንስራው ውሃ ጠጡ። ይህ ውሃ ለምን ቀዘቀዘ አሉኝ። እንስራው ስለሚያልበው ነው አልኳቸው። ይህንኑ ለልጆቹ ንገሪልኝ አሉኝ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፈራሁ። ሦስት ጊዜ መጥተው ሲለምኑኝ ሄድኩ።»

ወለቴ እጆቿን እያወናጨፈች ቀጠለች። ፍርሃቷ ጠፍቶ ነበር።

«አንድ እንስራና አንድ ጄሪካን ነፋሻ ቦታ አስቀመጥን። አንድ ዓይነት ውሃ ሞላንባቸው። ሲለኩት የእንስራው ቀዝቅዟል፣ የጄሪካኑ አልቀዘቀዘም። ውሃው በማይታይ ቀዳዳ እየወጣ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል አሉ ቲቸር። ከዚያ ለልጆቹ እንዲህ አሏቸው፦ እኔ ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ ነው፤ እሷ ከእናቷ ነው፤ እናቷ መጽሐፉ ሳይጻፍ ነው ያወቀችው። ልጆቹ ጠየቁኝ፣ መለስኩላቸው። አብዝተሽ ከተኮስሽው ማላቡን ይተዋል አልኳቸው። ቲቸርም ይህን አላውቅም ነበር ብለው ጻፉት። በመጨረሻ በሰሌዳው ላይ ስሜን ጻፉ። ልጄ ይህ ወ ነው፣ ይህ ለ ነው፣ ይህ ቴ ነው ብላ አሳየችኝ። ስሜን ተጽፎ ያየሁት ያን ቀን ነው።»

አቶ ሸዋንዳኝ ወለቴን በሁለት እጃቸው ያዟት። እሷም ያዘቻቸው። ሁለቱም በየቋንቋቸው አለቀሱ።

አቶ ኤርጫፎ ከድንኳኑ ወጥተው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። «ዳግም፣ እንሂድ» አሉ። መልስ አልጠበቁም፤ መንገዱን ይዘው ወረዱ። ዳግም ከኋላቸው ጥቂት ተራመደና ቆመ።

አቶ ብዙነህ አንድ ጊዜ ሰማዩን፣ አንድ ጊዜ መሬት ላይ የተቀመጡትን አዩ። ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀምሯል።

«እነዚህን ሰዎች ዝናብ ሲመታቸው ቆመን ልናይ ነው?» አሉ። «ገመዱን ፍቱት። ድንኳኑን ወደዚህ አምጡት።»

የአጥሩን አንድ ወገን ቆርቆሮ ነቀሉት። ወንዶቹ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ወደ መንገዱ አወጡ፤ ሸራው በሰው ራስ ላይ እየተንሳፈፈ መጣ። የመጨረሻውን ምሰሶ የያዘው ዳግም ነበር። ከልክነሽ ሁለት እርምጃ ርቆ ተከለው፤ ገመዱን እስኪያስር ቀና አላለም። ምን እንዳሰበ ከፊቱ አልተነበበም። ግን አጎቱን ተከትሎ አልሄደም፤ እስኪያባራ ምሰሶውን ደግፎ ቆመ።

እትዬ ጽጌረዳ ንፍሮ በሳህን ይዘው መጡና ከወለቴ ጋር አብረው መብላት ጀመሩ። «እንግዲህ ለኪዳኔ ምኗ እንደሆንሽ ገባኝ» አሏት ልክነሽን፤ ምን እንደገባቸው ግን አልተናገሩም።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴቶቹ ወደ መንደራቸው ለመመለስ ተነሡ። ሦስቱ ቀድመው ወደ ሚኒባሱ ወረዱ። ልክነሽ እናቷን በክንዷ ይዛ ቀስ ብላ ተከተለች። ዝናቡ አባርቶ ከበታቻቸው አባያ ሐይቅ ቀልቶ ይታያል።

«ሆስፒታል ተኝተው ሊያዩሽ ፈልገው ነበር» አለች ልክነሽ። «አልነገርኩሽም፣ እማ።»

«መጥቼ ነበር» አለች ወለቴ በጋሞኛ። «የሰማሁት ከሰፈር ልጆች ነው። እሑድ ዕለት ቡላ ይዤ ገባሁ። ተኝታ ነበር። ስትነቃ እጄን ያዘችኝ። ስለ ልጅሽ አመሰግናለሁ አለችኝ። እኔ ነኝ የማመሰግነው አልኳት። በዚህ ተከራክረን ተለያየን።»

መንገዱ ዳር ለውሃ መስመር ተቆፍሮ ቀይ አፈር ተከምሯል። ወለቴ ሳታስበው ጎንበስ አለችና ከላዩ ቆንጥራ በጣቶቿ መካከል አሸችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«አይሆንም» አለች። «አሸዋ አለው።»

«ቲቸር ቢሰሙሽ፣ ምን ያህል አሸዋ? ይሉሽ ነበር» አለች ልክነሽ። ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰበረባት። ሦስት ቀን ሙሉ ከሰው ጋር ጮኻ እንዳለቀሰችው ዓይነት ለቅሶ አልነበረም፤ ይህኛው ድምፅ የለውም። መንገዱ ላይ ቆመች፤ እንባዋ እስከ አገጯ ወረደ።

ወለቴ ልትጠርግላት እጇን አነሣች። ጣቶቿ ጭቃ መሆናቸውን አይታ አንድ አፍታ አቆመቻቸው። ከዚያ እጇን ገልብጣ በጀርባው፣ አንዱን ጉንጯን ቀጥሎም ሌላውን፣ ቀስ አድርጋ ጠረገችላት።